ገበያ የራቀው የገበያ ማዕከል የሕዝብ መዝናኛ ሲሆን፦ እንዴት፣ በማን ገንዘብ፣ ለማን?

ሱቆቹ አንድ በአንድ የተዘጉበት ትልቅ የገበያ ማዕከል ወደ ማኅበረሰብ መዝናኛ ሊለወጥ ነው የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት አብሮ ይሰማል። አንዱ ወገን ሕንፃው ካለ፣ ጣሪያው ካለ፣ መብራትና ውኃው ከገባ፣ የቀረው ግድግዳ መቀባትና ወንበር መደርደር ነው ብሎ ያስባል። ሌላው ወገን ደግሞ ነጋዴ ያልቀናውን ቦታ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት ሊያቀናው ይችላል ብሎ ይጠይቃል። የሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ግምት ይልቅ ለጉዳዩ ይቀርባል፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘልላሉ። የገበያ ማዕከል የኪራይ ውል፣ የባንክ ብድርና የባለቤትነት መብት የተጠላለፉበት ንብረት ነው፤ ለውጡ የሚሳካውም ሆነ የሚጨናገፈው በአብዛኛው አርክቴክቱ ንድፉን ከመጀመሩ በፊት በእነዚህ ላይ በሚደረስ ስምምነት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የገበያ ማዕከል ወይም ሞል የምንለው በአንድ ጣሪያ ሥር ያለና በአንድ አስተዳደር ለብዙ ነጋዴዎች የሚከራይ ሕንፃን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የገበያ ማዕከል ለምን ይዳከማል?

ሙሉ በሙሉ የተሸፈነና አየሩ በማሽን የሚስተካከል የመጀመሪያው የአሜሪካ ሞል ሳውዝዴል ይባላል፤ በሚኒያፖሊስ አቅራቢያ በምትገኘው በኢዳይና ከተማ በ1956 ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ቪክቶር ግሩን በ1903 ቪየና ውስጥ የተወለደና በ1938 ናዚዎችን ሸሽቶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አርክቴክት ነበር። ግሩን የፈለገው የሱቅ ስብስብ ብቻ አልነበረም፤ መኪና የበታተነው የከተማ ዳርቻ ነዋሪ በእግሩ እየተዘዋወረ ሰው የሚያገኝበት፣ በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምናና መናፈሻ ያለው አዲስ የከተማ እምብርት ነበር ያሰበው። በየቦታው የተስፋፋው ግን ትርፍ የሚያስገኘው ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ብቻ ሆነ። ግሩን በ1978 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር በእሱ ስም የሚጠሩትን ሞሎች በአደባባይ ካዳቸው። እንግዲህ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው «የማኅበረሰብ ማዕከል» በከፊል ያኔ ሳይሠራ የቀረው ግማሽ ዕቅድ ነው።

ሞል እንዴት እንደሚዳከም ለመረዳት ዋና ተከራይ የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋና ተከራይ ማለት ከልብስ እስከ ቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ በሕንፃው ጫፍ ላይ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ትልቅ መደብር ነው። ሕዝብ የሚስበው እሱ ስለሆነ ባለንብረቱ በሜትር ካሬ ዝቅተኛ ኪራይ ያስከፍለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያረፈበትን መሬት ጭምር ይሸጥለታል። ከፍተኛውን ኪራይ የሚከፍሉት ወደ ዋናው መደብር ሲሄድ በደጃፋቸው የሚያልፈውን ሰው የሚጠብቁት ትናንሾቹ ሱቆች ናቸው። ዋናው ተከራይ እንደ ድንኳን መሐል ምሰሶ ነው፤ በሜትር ካሬ የሚከፍለው ጥቂት ቢሆንም ሲነቀል የሚወርደው ሸራው በሙሉ ነው።

ይህ መውደቅ በውል የተጻፈም ነው። በብዙ ሞሎች ትናንሾቹ ተከራዮች በሚፈርሙት ውል ውስጥ፣ ዋናው ተከራይ ከወጣ ወይም ከሱቆቹ የተወሰነው መጠን ባዶ ከሆነ ኪራያቸው እንዲቀነስ ወይም ውላቸውን ማፍረስ እንዲችሉ የሚፈቅድ አንቀጽ ይገባል። ስለዚህ አንድ መደብር ሲዘጋ ባለንብረቱ የሚያጣው የዚያን መደብር ኪራይ ብቻ አይሆንም። በብሪታንያ ቢኤችኤስ በ2016፣ ደበናምስ ደግሞ በ2021 ሱቆቻቸውን ሁሉ ዘጉ፤ በአሜሪካ ሲርስ በ2018፣ ጄሲፔኒ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። እነዚህ ሁሉ የሞል ዋና ተከራዮች ነበሩ። የበይነ መረብ ግብይት ድርሻ እንዳለው ግልጽ ነው፤ ይሁንና ከእሱ በፊትም በብዙ አካባቢዎች ካለው ገዢ በላይ ሱቅ ተሠርቶ ነበር፤ አዲሱ ሞል የሚያድገው በአሮጌው ሞል ደንበኞች ነበር።

ባዶ ከሆነ ለምን ቶሎ ለሌላ ሥራ አይውልም?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱም ከሕንፃው ይልቅ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ይገኛል። የንግድ ሕንፃ ዋጋ የሚተመነው በዓመት ከሚያስገባው ኪራይ ተነሥቶ ነው። ለምሳሌ በዓመት 10 ሚሊዮን የተጣራ ኪራይ የሚያስገባ ሞል ገዢዎች ከገንዘባቸው 8 በመቶ ዓመታዊ ገቢ የሚጠብቁ ከሆነ 125 ሚሊዮን ያወጣል። ባለንብረቱ በዚህ ግምት ላይ 80 ሚሊዮን ተበድሯል እንበል። ባዶውን ቦታ ለስፖርት ክበብና ለቤተ መጻሕፍት በርካሽ ቢያከራይ፣ ነባሮቹ ተከራዮችም ያንኑ ቅናሽ ቢጠይቁና ዓመታዊ ገቢው ወደ 6 ሚሊዮን ቢወርድ፣ የንብረቱ ግምት 75 ሚሊዮን ይሆናል። ብድሩ ከንብረቱ በለጠ ማለት ነው፤ አበዳሪው ባንክም ውሉ በሚሰጠው መብት መሠረት ገንዘቡን ቶሎ ሊጠይቅ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ባለንብረቱ ሱቁን በርካሽ ከማከራየት ይልቅ ባዶውን ማቆየት ይሻለዋል። ባዶ ሱቅ «ነገ በድሮው ዋጋ ይከራያል» ተብሎ በወረቀት ላይ ሊቆይ ይችላል፤ በርካሽ የተከራየ ሱቅ ግን እውነተኛውን ዋጋ ያሳብቃል። ለተመልካች ግራ የሚያጋባው፣ መብራቱ ጠፍቶ ዓመታት የሚቆየው ሕንፃ ብዙውን ጊዜ የግዴለሽነት ውጤት ሳይሆን የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

በዚህ ላይ የባለቤትነቱ ጉዳይ አለ። ዋናው መደብር የራሱን ሕንፃ፣ ሌላው ኩባንያ መተላለፊያውን፣ ሦስተኛው የመኪና ማቆሚያውን ሊይዝ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው የጋራ ስምምነትም ከአንዱ ፈቃድ ውጭ አዲስ በር መክፈት፣ ማቆሚያውን መቀነስ፣ አልፎ አልፎም ከችርቻሮ ውጭ ለሆነ ሥራ ማከራየት ይከለክላል። እንዲህ ያለው ስምምነት ለአሥርተ ዓመታት የሚጸና ነው። ለውጥ የሚጀምረው እንግዲህ እነዚህን መብቶች አንድ ሰው ገዝቶ ሲጠቀልላቸው ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የስቶክተን ከተማ ምክር ቤት በ2019 ካስልጌት የተባለውን የገበያ ማዕከል የገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዋ ሁለት የገበያ ማዕከሎች ነበሯት፤ ሁለቱን የሚሞላ ነጋዴ ግን አልነበራትም። ምክር ቤቱ ነጋዴዎቹን ወደ አንደኛው ማዕከል አሰባስቦ ካስልጌትን ከ2022 ጀምሮ አፈረሰና ቦታውን ከከተማው ዋና ጎዳና እስከ ቲስ ወንዝ ለሚደርስ መናፈሻ መደበው።

«የማኅበረሰብ መዝናኛ» ሲባል በትክክል ምንድን ነው?

በዜና ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው የንግድ መዝናኛ ነው፦ ሲኒማ፣ ቦውሊንግ፣ የልጆች መዝለያ፣ የቤት ውስጥ የመኪና ውድድር። በለንደን ዎንድስወርዝ ውስጥ ደበናምስ የለቀቀው ቦታ በ2021 የኤሌክትሪክ ካርት መንጃና ቦውሊንግ ያለው ማዕከል ሆኗል። እዚህ ላይ የተለወጠው የሚሸጠው ነገር ነው፤ ቲኬት የሚቆርጥ ይገባል፣ ተከራዩም ኪራይ ይከፍላል፣ ባለንብረቱም ያው ነው።

ሁለተኛው ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ለማንም ክፍት የሆነ ቦታ ነው፦ ቤተ መጻሕፍት፣ መዋኛ ገንዳ፣ የስፖርት አዳራሽ፣ የአረጋውያን መዋያ፣ የሙዚቃ መለማመጃ፣ መናፈሻ። በቴክሳስ የማክአለን ከተማ ዋልማርት የለቀቀውን ሕንፃ በ2011 መጨረሻ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርጋዋለች፤ ስፋቱ 11,600 ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን ሙሉ በሙሉ በአንድ ወለል ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ቦታ ኪራይ ቢከፍል እንኳ ሱቅ የሚከፍለውን አይከፍልም። ስለዚህ የአንድን ዕቅድ ምንነት ለማወቅ ፈጣኑ መንገድ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ዛፎችና ፈገግ ያሉ ልጆች ትቶ፣ ምንም ገንዘብ ያልያዘ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መጠየቅ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሕንፃ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም የንግዱ ወገን ለሕዝቡ ወገን ወጪ ያዋጣል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ በሌላው ስም ሲቀርብ ነው።

ሕንፃው ይችለዋል ወይ?

ይህን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ያልታሰበ ወጪ የሚወጣው ከዚህ ነውና። ከቅርጫት ኳስ እንጀምር። በዓለም አቀፉ ሕግ ሜዳው 28 በ15 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት ቦታ ሲጨመር 32 በ19 ሜትር ይሆናል፤ ከላይ ደግሞ ቢያንስ 7 ሜትር ነፃ ከፍታ ይፈልጋል። የሞል ምሰሶዎች አብዛኛውን ጊዜ በ8 ወይም በ9 ሜትር ርቀት የቆሙ ናቸው፤ የአንድ ፎቅ ቁመትም 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ የአየር ቱቦና የመብራት መስመር ይቀነሳል። ስለዚህ ሜዳውን እንዳለ ቢያስቀምጡት ምሰሶዎች መሐሉ ላይ ይቆማሉ፣ ኳሱም ጣሪያ ይመታል። መፍትሔው የላይኛውን ወለል መቁረጥና ምሰሶዎችን አንሥቶ ሸክማቸውን በትልቅ የብረት ተሸካሚ ማሻገር ነው፤ ይህም ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከእድሳት ይልቅ ወደ አዲስ ግንባታ ይጠጋል። በአንጻሩ ጭፈራ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ዮጋ፣ ካራቴና የሥዕል ክፍል ያለው ከፍታ ይበቃቸዋል። በፎቆቹ መሐል ክፍት ሆኖ የሚቀረው አደባባይ ደግሞ ለግድግዳ መውጣት ስፖርትና ለትርኢት መድረክ የተመቸ ነው። ልምድ ያለው ነዳፊ የሚጀምረው ነዋሪው ከሚፈልገው ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ሳይቆረጥ ከሚቀበለው ዝርዝር ጭምር ነው።

ክብደት ሌላው ነው። የሱቅ ወለል ብዙውን ጊዜ የሚነደፈው በአንድ ሜትር ካሬ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ነው። በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ የተደረደረበት ክፍል ከ700 ኪሎ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ውኃ በሜትር ኩብ አንድ ቶን ስለሚመዝን 1.8 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ በያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 1,800 ኪሎ ግራም ይጭናል፤ የገንዳው ግድግዳና ወለል ሳይቆጠር። መዋኛ ገንዳ በሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚያሳይ ሥዕል ካያችሁ ከሥሩ ያሉት ምሰሶዎችና መሠረቱ እንዴት እንደሚጠናከሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። የማክአለን ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ጣጣ የዳነው መሬት ላይ ያረፈ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ በመሆኑ ነው።

የገንዳ ችግር በክብደቱ አያበቃም። ሞቃታማና እርጥብ የሆነው የገንዳ አየር፣ ውኃውን ለማጽዳት ከሚገባው ክሎሪን ከሚፈጠሩ ጋዞች ጋር ሆኖ ብረትን ይበላል። በስዊዘርላንድ የኡስተር ከተማ በ1985 የአንድ መዋኛ አዳራሽ የኮንክሪት ጣሪያ ወድቆ 12 ሰዎች ሞተዋል፤ ምክንያቱ ጣሪያውን አንጠልጥለው የያዙት የማይዝጉ ይባሉ የነበሩ የብረት ዘንጎች ከውስጥ መሰንጠቃቸው ነበር። ከሱቅ በላይ የተሰቀለ ኮርኒስና ቱቦ ለዚህ አየር ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ፣ ገንዳ የሚገባበት ክፍል የራሱ አየር ማውጫ ኖሮት ከቀረው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ መለየት አለበት።

ንዝረት ደግሞ ማንም ቀድሞ የማያስበው ነው። በ2011 ሴኡል ውስጥ ቴክኖማርት የተባለ ባለ 39 ፎቅ ሕንፃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠና ሰዎች ሸሽተው ወጡ። የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት በ12ኛው ፎቅ ባለ የስፖርት ማዘውተሪያ 17 ሰዎች በአንድ ምት እየዘለሉ ያደረጉት ጠንካራ እንቅስቃሴ ከሕንፃው የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት ጋር መግጠሙ ነበር። ሕንፃው አልተጎዳም፤ ነገር ግን ሰው በቀስታ እንዲራመድበት የተነደፈ ወለል ሰዎች አንድ ላይ እንዲዘልሉበት ከመፈቀዱ በፊት መለካት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የቀሩትን በአጭሩ፦ አንድ ቦታ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ከሱቅ ሸማች ይበልጥ የታጨቀ ስለሆነ የአደጋ ጊዜ መውጫዎች ቁጥርና ስፋት እንደገና ይሰላል፤ መስኮት የሌለው የሕንፃው መሐል ብርሃን እንዲያገኝ ጣሪያው ይከፈታል፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ ሕንፃዎች አስቤስቶስ የተባለ ጤናን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ ሊገኝ ስለሚችል ማንኛውም ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ይመረመራል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንዳንድ ለውጥ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይከናወናል። በቨርሞንት የበርሊንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃው በመርዛማ ኬሚካል መበከሉ ሲታወቅ ተማሪዎቹ በመጋቢት 2021 ሜሲስ ወደለቀቀው የመሐል ከተማ መደብር ገቡ፤ ወደ ክፍላቸው የሚወጡት በመደብሩ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲሆን በክፍሎቹ መካከል የቆሙት ግድግዳዎች ጣሪያውን አይነኩም ነበር። የአንዱ ክፍል ድምፅ ለሌላው ይሰማል፤ ግን አገልግሎት ሰጠ። ለጊዜው ከሆነ ብዙ ነገር ይቻላል።

ማፍረስ ይሻላል ወይስ ማደስ?

በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ይሁንና ሁለቱን ለማመዛዘን የሚረዳ አንድ ነገር አለ። የሞል ዋነኛ ሀብት የምድር ላይ ሱቆቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ከሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ፣ መሠረቱ፣ የቦታው አቀማመጥ ወይም ከሥሩ የተቀበረ ወንዝ ሊሆን ይችላል። በኦሃዮ የኮለምበስ ከተማ መሐል በ1989 የተከፈተው ሞል በ2009 ተዘግቶ ፈረሰና በ2011 ኮለምበስ ኮመንስ የተባለ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ከሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ግን አልተነካም፤ ሣሩ ያለው በጣሪያው ላይ ነው።

በታይዋን የታይናን ከተማ ደግሞ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1983 ከቦዩ አጠገብ የተሠራው የገበያ ማዕከል ከላይ ሲፈርስ የምድር ቤቱ ማቆሚያ ጣሪያው ተነሥቶለት ከመንገዱ ዝቅ ያለ አደባባይ ሆነ፤ ሥራው በ2020 ተጠናቀቀ። ከፈረሰው ሕንፃ የተወሰኑ የኮንክሪት ምሰሶዎችና ተሸካሚዎች ሆን ተብሎ እንዲቆሙ ተደርጓል፤ በዙሪያው ጥላ ያለው መተላለፊያ አለ፤ መሐሉ ላይ ልጆች የሚንቦጫረቁበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ ተሠርቷል። የኩሬው ከፍታ ከዝናብና ከበጋ ወራት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሙቀት ሲበረታም ጉም የሚረጩ ቱቦዎች አየሩን ያበርዳሉ። የተቀበረው የመኪና ማቆሚያ እንደ ተራ ጉድጓድ ከመሞላት ይልቅ የሥራው ዋና አካል የሆነበት ምሳሌ በመሆኑ ከቆንጆ ፎቶግራፉ በላይ ሊጠና የሚገባው ነው።

በአሜሪካ የኮኔክቲከቷ ሜሪደን ከተማ የገበያ ማዕከሏን ያፈረሰችው በጎርፍ ምክንያት ነው። ሞሉ ሃርበር ብሩክ የተባለውን ጅረት በቱቦ ቀብሮ የተሠራ ስለነበር በ1990ዎቹ መሐል ከተማው በጎርፍ ተመታ። ሕንፃው በ2007 ፈረሰ፤ ጅረቱ ወደ ብርሃን ወጣ፤ በ2016 ደግሞ 14 ኤከር ማለትም 5.7 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መናፈሻ ተከፈተ። መናፈሻው በአዘቦት ቀን የእግር መንገድና የትርኢት ሜዳ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ የጎደጎደ ነው። እዚህ ላይ መናፈሻ ለማግኘት የወጣው ገንዘብ የጎርፍ መከላከያ ወጪም ነበር፤ ገንዘቡ የተገኘውም በዋናነት በዚህ ስም ነው።

ማፍረስ የራሱ አደጋ አለው። በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ብሮድማርሽ የተባለው የገበያ ማዕከል እየታደሰ ሳለ ባለይዞታው ኢንቱ የተባለው ኩባንያ በ2020 ከሰረ፤ ግማሹ የፈረሰው ሕንፃ በከተማዋ መሐል ለዓመታት እንደተገተረ ቀረ። በቦታው ከታሰበው መናፈሻ የተሠራው ክፍል የተከፈተው በ2024 ነው። ከዚህም በላይ የቆመ ኮንክሪት ሲሠራ የወጣው ኃይልና ጭስ አንዴ ወጥቷል፤ አፍርሶ እንደገና መሥራት ያንኑ ሁለተኛ መክፈል ነው። በእኔ ግምት ሚዛኑን የሚወስነው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ሕንፃው ቢቆም የሚቀበለው አገልግሎት አካባቢው ከሚያስፈልገው ምን ያህሉን ይሸፍናል? ከግማሽ በታች ከሆነ እድሳቱ ብዙውን ጊዜ ሕንፃን ለማዳን የሚደረግ ልፋት ብቻ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሁለት ገንዘቦች አሉ፤ አንድ ላይ መቆጠራቸው ብዙ ጥፋት አድርሷል። አንደኛው ለግዢና ለግንባታ አንድ ጊዜ የሚወጣው ነው፤ እሱ ከመንግሥት ድጋፍ፣ ከከተማ ቦንድ፣ ከለጋሽ ወይም ከአልሚ ይገኛል፤ ሪባን የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚወጣው ነው፦ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ማሞቂያ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጥገና። የሞል ጣሪያ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ ውኃ ያፈስሳል፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃውና አሳንሰሩ በየጊዜው መመርመር አለባቸው፤ የአየር ማስተካከያው የተመጠነው ለሕንፃው ሙሉ ስፋት ስለሆነ አንዱን ክንፍ ብቻ ለመጠቀም እንኳ ብዙ ኃይል ይበላል። ድሮ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ከያንዳንዱ ነጋዴ ከኪራይ በላይ የሚሰበሰበው የጋራ አገልግሎት ክፍያ ነበር። ነጋዴው ሲሄድ ወጪው አብሮ አይሄድም።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ማደባለቅ ነው። ከቦታው ከፊሉ ጥሩ ኪራይ ለሚከፍልና ገበያ ለማይነቅለው ተቋም ይሰጣል፤ ለምሳሌ በናሽቪል ዋን ሀንድረድ ኦክስ የተባለው ሞል ሁለተኛ ፎቅ የቫንደርቢልት ሕክምና ማዕከል ክሊኒኮች ሆኗል፤ በኦስቲን ደግሞ የሃይላንድ ሞል የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቅጥር ግቢ ሆኖ የመጀመሪያው ክፍል በቀድሞው የጄሲፔኒ መደብር ውስጥ በ2014 ተከፍቷል። ክሊኒክና ኮሌጅ በየቀኑ ሰው ያመጣሉ፤ የመጣው ሰው ቡና ይጠጣል፣ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ልጁን ያጫውታል። የተረፈው የመኪና ማቆሚያ ላይ መኖሪያ ቤት ይሠራል፤ የቤቱ ሽያጭ ወይም ኪራይ ለመናፈሻው ይከፍላል። በዕቅዱ ላይ መናፈሻው በፊተኛው ገጽ፣ መኖሪያ ሕንፃዎቹ በኋለኛው ገጽ ሲወጡ ማታለል መስሎ ይታያል፤ ያለ እነሱ ግን ሒሳቡ አይዘጋም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ቀድሞ እንደሚሠራ ነው። ቤቱ ተሸጦ መናፈሻው «በሁለተኛው ምዕራፍ» እንዲሆን የተቀጠረበት ዕቅድ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝ መናፈሻ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ቦታው የማን ነው?

ሞል የሕዝብ አደባባይ ይመስላል፤ በሕግ ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ የግል ግቢ ነው። በካሊፎርኒያ ካምቤል ከተማ ፕሩንያርድ በተባለ የገበያ ማዕከል ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው የድጋፍ ፊርማ ሲያሰባስቡ የጥበቃ ሠራተኛ አስወጣቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1980 የተሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ክፍለ ግዛት ከፈለገ በራሱ ሕገ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ተግባር በሞል ውስጥ መብት ሊሰጥ ይችላል የሚል ነበር። ክፍለ ግዛቱ ካልፈለገ ግን ባለንብረቱ ያስወጣል። የሚኒሶታው ሞል ኦፍ አሜሪካም በ1996 በዓርብና በቅዳሜ ምሽት ታዳጊዎች ያለ አሳዳጊ እንዳይገቡ ከለከለ።

ሕንፃው የማኅበረሰብ መዝናኛ ተብሎ ሲሰየም ይህ አብሮ አይለወጥም። ባለንብረቱ የግል ሆኖ ከተማው ውስጡን የተከራየ ከሆነ፣ መተላለፊያው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ምንም ሳይገዛ የተቀመጠ ሰው ይነሣ እንደሆነ፣ ታዳጊዎች በቡድን መቆም ይፈቀድላቸው እንደሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለማን ክፍት እንደሆነ የሚወስነው ባለንብረቱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ቢሠራና የሕንፃው በር በአሥራ ሁለት ሰዓት ቢዘጋ ቤተ መጻሕፍቱም የሚዘጋው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ከተሞች የሕዝቡ ክፍል ከውጭ በቀጥታ የሚያስገባ የራሱ በር እንዲኖረው፣ የመተላለፊያ መብቱም በንብረት መዝገብ ላይ እንዲጻፍና ሕንፃው ሲሸጥ አብሮ እንዲተላለፍ ያደርጋሉ። የኪራይ ዘመኑም ይታያል፤ ለአምስት ዓመት በተከራዩት ቦታ የስፖርት ወለል ማንጠፍ፣ ቦታው በሰው ሲለመድና ዋጋው ሲያንሠራራ ለባለንብረቱ የተደረገ ስጦታ ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

በኮለምበስ ከመዘጋት እስከ መናፈሻ ሁለት ዓመት ያህል፣ በሜሪደን ከመፍረስ እስከ መክፈት ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ልዩነቱን የሚያመጡት ከላይ የተዘረዘሩት ናቸው፦ የባለቤትነት መጠቅለል፣ ብክለት፣ የገንዘቡ በአንዴ ወይም በጥቂት በጥቂቱ መምጣት። በዚህ መሐል ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የሚፈጠረው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሰላም። ማሞቂያው ሲጠፋ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ጣሪያው ሳይጠገን ውኃ ይገባል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሰረቃል፤ በሦስት ክረምት ውስጥ ሊታደስ ይችል የነበረው ሕንፃ ከመፍረስ ውጭ ዕጣ የሌለው ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔው ጊዜያዊ አጠቃቀም ነው፦ ለመንገዱ የሚቀርቡትን ጥቂት ክፍሎች ብቻ እሳት መከላከያና መውጫ አሟልቶ መክፈት፣ የቀረውን በግድግዳ ዘግቶ ዝቅተኛ ሙቀት እየሰጡ ማቆየት። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የጭፈራ ልምምድ፣ የልብስ ስፌት ትምህርትና የልጆች ንባብ ሲሞከር በየሰዓቱ ማን እንደመጣ ይመዘገባል። አዘቦት ጠዋት አረጋውያን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታዳጊዎች፣ ቅዳሜ ቤተሰቦች ቢመጡ፣ አንዱ ክፍል በቀን ለሦስት ወገን ሊያገለግል እንደሚችል ስለሚታወቅ የመጨረሻው ንድፍ የሚጠይቀው ስፋት ይቀንሳል። ጊዜያዊ ስምምነቱ ሲፈረም ሁለት ነገሮች በጽሑፍ መግባት አለባቸው፦ ተጠቃሚዎቹ ዋናው ግንባታ ሲጀመር ወዴት እንደሚዛወሩና ሲያልቅ በምን ኪራይ እንደሚመለሱ።